ሦስት ሌሊት የፈለግኩት፣ የሌለ ስህተት

ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ሉፕ፣ ፈንክሽን ምናምን ሁላችሁም ያለፋችሁበት ስለሆነ አላሰለቻችሁም። ዛሬ የመጣሁት አንዲት መስመር ኮድ የሠራችኝን ልነግራችሁ ነው።

በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለው የሜትሮሎጂ ተመራማሪ የአየር ሁኔታ ስሌቱን ከመሀል ለማስቀጠል 0.506127 በማለት ፈንታ 0.506 ብሎ አስገባ። ብዙም ሳይቆይ ውጤቱ ከበፊቱ ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ሆኖ አገኘው። እኔም ልየው አልኩና ቀላሏን ቀመር ያዝኩ፦ ቁጥሩን ከ1 ቀንሱ፣ የቀረውን በራሱ በቁጥሩ አባዙ፣ ከዚያ በ4። የወጣውን መልሳችሁ አስገቡ። 0.2 ወደ 0.64፣ ከዚያ ወደ 0.9216 ይሄዳል።

0.2ን እና 0.200001ን ጎን ለጎን ለቀቅኳቸው። መጀመሪያ ግራፉ ላይ አንድ መስመር ናቸው። ሃያኛው እርምጃ አካባቢ ግን ተበታተኑ። ልዩነቱ በአማካይ በየእርምጃው እጥፍ ይሆናል፤ ሃያ ጊዜ እጥፍ ደግሞ ሚሊዮን ጊዜ ማለት ነው። እዚህ ድረስ ደስ ብሎኛል።

ከዚያ ኮዱን ላሳምር ብዬ ቅንፉን ፈታሁት፦ 4 × ቁጥሩ × (1 − ቁጥሩ) የነበረውን 4 × ቁጥሩ − 4 × ቁጥሩ × ቁጥሩ አደረግኩት። በአልጀብራ ያው ነው። የድሮውና አዲሱ ኮድ ግን ሁለቱም ከ0.2 ተነስተው ሃምሳኛው እርምጃ አካባቢ ተለያዩ! ሦስት ሌሊት ስህተት ፈለግኩ። በሁለተኛው ሌሊት (አትሳቁብኝ) ፓይተኑን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ለካ ውጤቱን በስድስት አሃዝ ብቻ ነበር የማሳትመው። ሙሉውን ሳሳትም ገና የመጀመሪያው እርምጃ ላይ አንዱ 0.64፣ ሌላው 0.6400000000000001 ይላል። ኮምፒውተሩ የሚይዘው አሃዝ ውስን ስለሆነ ያጠጋጋል፣ ቅንፉን ስፈታ ደግሞ የሚያጠጋጋበት ቦታ ተቀየረ። የሎሬንዝም ማሽን በውስጡ ስድስት አሃዝ ይዞ ሦስቱን ብቻ ነበር የሚያትመው። ታሪኩን አንብቤ፣ ተደንቄ፣ ያንኑ ደገምኩት።

ስለዚህ ሙሉውን አሳትሙ። የተዘጋጀ ላይብረሪም (ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት ኮድ) ለጀማሪ አይሆንም ባይ ነኝ፣ እንዲህ ያለውን ሁሉ ይደብቅባችኋል።

ደግሞ «ትንሽ ለውጥ ሁሉ ዓለምን ይገለብጣል» የምትሉ፣ እኔም እል ነበር፣ በቀመሯ ውስጥ ያለውን 4 በ2.5 ተኩት። 0.2 ወደ 0.4፣ ከዚያ 0.6 ገብቶ እዚያው ይቀራል። ከ0.9 ብትነሱም ቀስ እያለ ወደ 0.6 ይጠጋል። ትንሿ ልዩነት እዚህ ትሞታለች። በዚህ ብጀምር ኖሮ ብዙ ይገባኝ ነበር።

አሁን ሎሬንዝ በ1963 ያሳተማቸውን ሦስት እኩልታዎች ይዣለሁ። የጊዜ እርምጃውን (ከአንዱ ስሌት እስከ ቀጣዩ ያለውን ጊዜ) ባሳነስኩ ቁጥር መስመሩ ሌላ መንገድ ይይዛል። ጥፋቱ የኔ ይሁን የስሌቱ ጠባይ፣ እስካሁን አልለየሁም።