አይ ወርክ ሃርድሊ

ስቶር ኪፐር ለመሆን ቃለ መጠይቅ ገባሁ። ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው። ኮሪደር ላይ በአማርኛ ሲሳሳቁ በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ። እኔ ስገባ ግን እንግሊዝኛ ወረደባቸው። ሥራው ምስማር ቆጥሮ መረከብና ማስረከብ ነው። ምስማሩ በአማርኛ ሲቆጠር ይጎድላል እንዴ?

ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው ተባልኩ። ደረቴን ነፋ አድርጌ «አይ ወርክ ሃርድሊ» አልኩ።

መሀል የተቀመጡት ሰውዬ መነጽር መውረድ ጀመረ። ቀስ ብሎ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እንደሚወርድ ተሳቢ፣ በከባድ ማርሽ። እኔም ጠምዛዛውን ሁሉ አብሬው ወረድኩ። በስንት ጊዜው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከላዩ አሻግረው አዩኝና «ሪሊ?» አሉ።

ያላመኑኝ መሰለኝ። «የስ ሰር፣ ቬሪ ሃርድሊ!» አልኩ። ይባስ ብዬ የቀድሞ አለቃዬን ምስክር ጠራሁ። ዳር ያለችውን ልጅ ሳል አጣደፋት። ውኃ የቀዳሁላት እኔ ነኝ።

ማታ ለታናሽ እህቴ ነገርኳት። «በእናትህ፣ አላልኩም በለኝ!» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። ለካ ሃርድሊ ማለት «እምብዛም» ኖሯል። ሥራ ልቀጠር ሄጄ፣ እምብዛም እንደማልሠራ በምስክር አስረድቼ ወጣሁ። «ሃርድ» ብቻውን ይበቃ ነበር።

ሰባተኛ ክፍል፣ ቅጽል ላይ ኤልዋይ ቀጥሉ ተብለን በኩርኩም ነው የተማርነው። ክዊክ፣ ክዊክሊ። ስሎው፣ ስሎውሊ። ሃርድ ጋ ሲደርሱ ደወል ተደወለ መሰለኝ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሌሊቱን ስልኬ ላይ የቃሉን ዘር ማንዘር ስቆፍር አደርኩ። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሄርድሊቼ» ይባል ነበር። ትርጉሙም በጽናት፣ በብርታት! ቆይቶ «በስንት መከራ» ወደሚል ዞረ። በስንት መከራ የሚሆን ነገር ደግሞ እምብዛም አይሆንምና፣ በ16ኛው መቶ ዘመን የዛሬውን ትርጉም ያዘ። ስለዚህ አልተሳሳትኩም። አምስት መቶ ዓመት ያህል አርፍጄ ነው የደረስኩት።

ስወጣ ሰውዬው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው «ዊ ዊል ኮል ዩ ሾርትሊ» ብለውኝ ነበር።

ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ። እስቲ «ሾርትሊ»ንም እህቴን ልጠይቃት።