ዶፍ ሲጥል የሚጎድለው ቆጠራ

ቅሬታው የመጣው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ አንድ የገብስ እርሻ ላይ የተተከሉት የዝናብ መለኪያዎች በእጅ ከሚነበበው መለኪያ ጋር አልስማማ አሉ። ዕቃዎቹን የሠራው ከእኛ በፊት ሥራውን ይዞ የነበረው ቡድን ነው፤ እኛ የተረከብነው ጥገናውን ነው። ባትሪያቸው ወራት ይቆያል፣ ሞደማቸው በሰዓቱ ይልካል፣ ዝናቡን ግን አሳንሰው ይናገራሉ። ፀረ አረም የሚረጭበትን ቀን በዚህ ቁጥር ለሚወስን ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመለኪያው አሠራር ሲታይ የሚበላሽበት ነገር ያለው አይመስልም። ሰፊው አፍ የሰበሰበው ውሃ ሁለት ጎን ባላት ትንሽ ባልዲ ላይ ይወርዳል። አንዱ ጎን 0.2 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲሞላ ባልዲዋ ትገለበጥና ሌላውን ጎን ታቀርባለች። በተገለበጠች ቁጥር የተሸከመችው ማግኔት ሪድ ስዊች በሚባለው፣ ማግኔት ሲቀርበው በሚዘጋው ማብሪያ አጠገብ ያልፍና ለአፍታ ይዘጋዋል። ሥራው ይህን መዘጋት መቁጠር ብቻ ነው። ዝናብ ግን ቀጠሮ የለውም፤ ቀንም ሌሊትም ነቅቶ የሚጠብቅ ያስፈልጋል፣ ባትሪው ደግሞ ያው አንድ ባትሪ ነው።

ያ ቡድን ለዚህ የመረጠው ኢኤስፒ-32ን ነው፤ ምርጫውም ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ይህ ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) እስከ 240 ሜጋኸርዝ የሚሮጡ ሁለት ዋና ኮሮች፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠሩ ክፍሎች፣ አሉት። እነሱ ነቅተው ሲሠሩ በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊአምፒር ይበላሉ። በዲፕ ስሊፕ (በጥልቅ እንቅልፍ) ሲተኙ ግን ፍጆታው ወደ 10 ማይክሮአምፒር ይወርዳል። እነሱ ሲተኙ የማይተኛ ዩኤልፒ የሚባል ትንሽ ረዳት ፕሮሰሰር አለ። ያለው አራት ባለ 16 ቢት ሬጂስተር (ሲያሰላ ቁጥር የሚይዝበት ቦታ) ነው፤ ፕሮግራሙንም ቁጥሮቹንም የሚያስቀምጠው 8 ኪሎባይት ሜሞሪ ውስጥ ነው። በሥራ ላይ ሆኖ እንኳ የሚወስደው 150 ማይክሮአምፒር ያህል ነው። በየ10 ሚሊሰከንዱ ይነሳል፣ ስዊቹ የተገናኘበትን ፒን ያያል፣ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አንድ ዓይነት ካገኘ ሁኔታው እውነት ነው ብሎ ይቀበላል፣ ባልዲዋ ከተገለበጠች ቆጠራው ላይ አንድ ይጨምራል፣ ይመለሳል። ቦርዱንም የነደፉት የዚያ ቡድን ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። ብዙ ሰው ለመለማመጃ በሚሸጠው ቦርድ ሠርቶ ባትሪው ለምን እንደሚያልቅ ግራ ይገባዋል፤ ከእነዚያ ቦርዶች በብዙዎቹ ላይ የሚገኘው ኤኤምኤስ1117 የተባለው ሬጉሌተር (ቮልቴጅ የሚያስተካክል ክፍል) ግን ቺፑ ተኝቶም ሳለ ብቻውን 5 ሚሊአምፒር ያህል ይበላል። እነሱ ይህንን አውቀው አስወግደውታል። ሥራቸውን ስናይ በጥንቃቄ የሠሩ ሰዎች መሆናቸው ያስታውቅ ነበር።

ታዲያ ዝናቡ የት ይሄዳል?

መጀመሪያ የጠረጠርነው ባልዲዋን ነው። ዝናብ ሲበረታ እንዲህ ያለ መለኪያ ትንሽ እንደሚያጎድል የታወቀ ነው፤ ባልዲዋ እየተገለበጠች ባለችበት ቅጽበት የሚወርደው ውሃ ሳይቆጠር ያልፋል። ይህ ግን በመቶ ጥቂቱን እንጂ ሩቡን አይወስድም። ቀጥሎ ስዊቹን አየን፣ ሽቦውን ቀየርን፣ በጠርሙስ የተለካ ውሃ በቀስታ አንጠባጥበን ፈተሽን። አንድም አልጎደለም። የቁጥር አነባበቡንም መረመርን፤ ዩኤልፒው ሜሞሪ ላይ ሲጽፍ አንዱ ቦታ ካለው 32 ቢት ቆጠራው የሚቀመጠው በታችኛው 16 ላይ ብቻ ነው፣ በላይኛው ላይ የራሱን የፕሮግራም አድራሻ ይጽፋል። ይህን የላይኛውን ክፍል ቆርጦ ያልጣለ ሰው የማይታመን ቁጥር ያነባል። የቀድሞው ቡድን ሰዎች ቆርጠውታል።

መንገዱን ያሳዩን መለኪያውን በእጅ የሚያነቡት አባት ናቸው። በየማለዳው 3 ሰዓት የመስታወት መለኪያውን አውጥተው ዓይናቸውን ከውሃው ልክ ጋር አስተካክለው ያነባሉ፣ በእስክሪብቶ ይመዘግባሉ። ባልደረባዬ መዝገቡን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ሁልጊዜ ነው የሚለያየው?» አላቸው።

«ኧረ አይደለም ልጄ። ሲያካፋ ከኔ ጋር እኩል ነው። ዶፍ ሲጥል ነው የእናንተ ዕቃ የሚጎድለው። ያውም ያለ አንዳች ልዩነት፣ ሁሌ ነው የሚጎድለው።»

መዝገቡን ከሰርቨሩ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ስናስቀምጠው እሳቸው እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። በካፊያ ቀን ሁለቱ እኩል ናቸው። በዶፍ ቀን ግን የእሳቸው 39 ሚሊ ሜትር ሲል የዕቃው 30 ነው፤ ጉድለቱ ከአንዱ የዶፍ ቀን ወደ ሌላው ብዙም አይለዋወጥም። በዘፈቀደ የሚጠፋ ነገር እንዲህ አይጠፋም። ለኔ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጥርጣሬው ከብረቱ ወደ ፕሮግራሙ ዞረ።

ቢሮ ተመልሰን መለኪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥንና ባልዲዋን ትተን በእጅ የያዝነውን ማግኔት ሪድ ስዊቹ አጠገብ ማሳለፍ ጀመርን። ባልደረባዬ ማግኔቱን ይዞ ድምፁን አሰምቶ ይቆጥራል፤ እኔ የሚላከውን እከታተላለሁ። አሥረኛው ላይ ዋናው ኮር ነቃ፤ አሠራሩ እንደዚያ ነው፣ 10 ግልባጭ (የባልዲዋ መገልበጥ) ሲሞላ ዩኤልፒው ይቀሰቅሰዋል። የሞደሙ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ከሰርቨሩ ጋር ይገናኛል፣ ይልካል፣ ማረጋገጫ ይጠብቃል፤ 40 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ባልደረባዬ አላቆመም፤ 11፣ 12፣ 13 አለ። ማረጋገጫው መጣ፣ ኮሩ ተኛ፣ የቆጠራውን ቦታ ስናነበው ዜሮ ነው። ሦስቱ የሉም።

ፕሮግራሙ የሚያደርገው እንዲህ ነው፦ ሲነቃ ቆጠራውን ያነባል፣ ይልካል፣ ሰርቨሩ ደርሶኛል ካለ በኋላ ቆጠራውን ዜሮ ያደርጋል። ሐሳቡ መረጃው ሳይደርስ እንዳይጠፋ ነው፤ በጎ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ዋናው ኮር ሲነቃ ዩኤልፒው ሥራውን አያቆምም። በሚላክበት 40 ሰከንድ ውስጥ የቆጠረውን ሁሉ ያ የመጨረሻ ዜሮ ያጠፋዋል። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዶፍ ባልዲዋን በየ12 ሰከንዱ ይገለብጣታል፤ ስለዚህ በአንድ መላክ ሦስት ይጠፋሉ። ከ13 ግልባጭ የሚተርፈው 10 ነው፣ 39ኙ 30 የሚሆነውም ለዚህ ነው። በሰዓት 2 ሚሊ ሜትር በሚወርድ ካፊያ ግን ከአንዱ ግልባጭ እስከ ሌላው 6 ደቂቃ ስላለ በዚያ 40 ሰከንድ ውስጥ የሚገባ እምብዛም የለም። በጠርሙስ ውሃ ስናንጠባጥብ ያልታየንም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባልደረባዬ ወዲያው፣ «ታዲያ እንዳነበብነው እናጥፋው፣ ከዚያ እንላክ» አለ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው፣ በአብዛኛውም የሚሠራ ይመስላል። ችግሩ ዩኤልፒው አንድ የሚጨምረው በአንድ ትእዛዝ አለመሆኑ ነው። ቁጥሩን ወደ ሬጂስተር ያነሳል፣ አንድ ይጨምራል፣ መልሶ ይጽፋል። ዋናው ኮር ዜሮ የሚጽፈው ልክ ካነሳ በኋላ ከመጻፉ በፊት ከሆነ፣ ዩኤልፒው አሮጌውን ቁጥር ከነጭማሪው መልሶ ያስቀምጠዋል። ዜሮው እንዳልነበረ ይሆናል፣ የተላከው ዝናብ ሁለተኛ ይላካል። የ40 ሰከንዱ ቀዳዳ ወደ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ይጠባል፤ የሚከሰተው በዓመት አንዴ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ እንደገና ማሳየት የሚችል ሰው አይገኝም። በግልጽ ከሚጎድል ቁጥር ይልቅ አልፎ አልፎ በድብቅ የሚጨምር ቁጥር ይከፋል። በዚያ ላይ መላኩ ካልተሳካ ያነበብነው ቁጥር ሌላ የሚኖርበት ቦታ የለም።

የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ቤታችን ሲመጣ ቆጣሪውን ዜሮ አያደርገውም። ቁጥሩን ይወስዳል፣ ካለፈው ወር ይቀንሳል፣ ልዩነቱን ያስከፍላል። የሄድንበት መንገድ ይኸው ነው። ቆጠራውን የሚጽፈው ዩኤልፒው ብቻ እንዲሆን አደረግን፤ ዋናው ኮር ማንበብ እንጂ መንካት አይችልም። ዋናው ኮር በበኩሉ መጨረሻ የተላከውን ንባብ በራሱ ቦታ ይይዛል፤ እዚያ ደግሞ ዩኤልፒው አይደርስም። የሚላከው ልዩነቱ ነው፣ ማረጋገጫ ሲመጣ የሚታደሰውም የዋናው ኮር ማስታወሻ ብቻ ነው። መላኩ ካልተሳካ ማስታወሻው ባለበት ይቆያል፤ በሚቀጥለው መላክ ልዩነቱ ሰፍቶ ይሄዳል፣ የሚጠፋ የለም። ባለ 16 ቢት ቁጥር 65,535 ላይ ደርሶ ወደ ዜሮ ሲዞር መቀነሱ በዚያው በ16 ቢት ከተሠራ ልዩነቱ ትክክል ሆኖ ይወጣል። ያ ለመሆን ከ13,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያስፈልጋል፣ ቢሆንም ጽፈነዋል።

10 ሲሞላ ለመቀስቀስ ሌላ ትንሽ ቆጠራ አለ፤ እሱንም የሚያጠፋው ራሱ ዩኤልፒው ነው። ኮሩ ነቅቶ ሳለ ጥሪው ባክኖ ቢቀር እንኳ መልእክቱ ይዘገያል እንጂ ዝናቡ አይጎድልም።

እዚህ ላይ ላስጠነቅቃችሁ የምፈልገው ነገር አለ። የመጨረሻውን ንባብ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በማይጠፋው ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ የሚሻል ይመስላል። አይሻልም። ባትሪ ሲቀየር የዩኤልፒው ቆጠራ ከዜሮ ይጀምራል፣ ፍላሹ ላይ ያለው አሮጌ ቁጥር ግን ይቆያል፤ ቀንሱት ብትሉ ልዩነቱ በሺዎች የሚቆጠር ግልባጭ ሆኖ ይወጣል፣ ሰርቨሩ ላይ ጎርፍ ይመዘገባል። ሁለቱም ቁጥሮች አብረው የሚጠፉበት ሜሞሪ ላይ መሆን አለባቸው። የዩኤልፒው ፕሮግራምም የሚጫነው ቦርዱ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ አንዴ ብቻ ነው፤ በነቃ ቁጥር የሚጫን ከሆነ ቆጠራው በየጊዜው ይታጠባል።

አዳዲሶቹ ኢኤስፒ-32 ኤስ2 እና ኤስ3 ላይ ረዳቱ ሪስክ-ፋይቭ የሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነት ስለሆነ በሲ ቋንቋ ይጻፍለታል፤ ትእዛዝ በትእዛዝ ከሚጻፈው ከአሴምብሊ ቋንቋ ድካም ይገላግላል። አንድን ቁጥር ሁለት ፕሮሰሰር ከጻፈበት ግን እዚያም ይኸው ይደገማል።

አዲሱን ፕሮግራም ጭነን ክረምቱ ሳይወጣ ዶፍ የጣለባቸውን ቀናት ከመዝገቡ ጋር አስተያየን። አሁን የሚቀረው ልዩነት በመቶ ጥቂት ነው፤ እሱም የባልዲዋ ነው። ለሱ ደግሞ የተለካ ውሃ በተለያየ ፍጥነት እያወረድን የእያንዳንዱን መለኪያ ማስተካከያ ቁጥር እያወጣን ነው፤ ማስተካከያው የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ ነው፣ ዩኤልፒው ቆጠራውን ብቻ ይቀጥላል።