ጅማ የሄደው አጎት

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ዝናቡ ይሁን የቤት ኪራዩ ነገር አላውቅም። አንዲት ጓደኛዬ ደውላ ስለ ኪራዩ እያወራን፣ መሃል ላይ «ለመሆኑ አጎትየው የት ገባ?» አለችኝ። ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ የምለቀውን ታሪክ ማለቷ ነው። ሰውዬውን ክፍል ሦስት ላይ ሻንጣ አስይዤ ጅማ ልኬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ያነሳ የለም።

«ይመጣል» አልኳት። ለምን እንደሚመጣ ግን እኔም አላውቅ።

የላክሁት ሆን ብዬ ነው። ነገሩ ሲወሳሰብብኝ አንድ የሚደርስልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ገንዘብ ይዞ ቢመጣ ያስኬዳል፤ ሚስት ይዞ ቢመጣም፤ መርዶው ቢመጣም። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ብር ማለት ነው።

ደግሞ ሳያስቡት ክፍት የሚቀር ታሪክ አለ። ደራሲው ኮናን ዶይል መርማሪ ገጸ ባሕርዩን ሼርሎክ ሆልምስን በ1893 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ወስዶ ፏፏቴ ውስጥ የጨመረው ስለሰለቸው ነው። ይመለሳል ብሎ አይደለም። ግን ተራኪው የሆልምስ ጓደኛ ዋትሰን ነው። ዋትሰን ደግሞ ተመልሶ ሲደርስ ያገኘው የእግር ዱካ፣ ዱላና ደብዳቤ ነው። ሬሳ አላየም! በ1903 ዶይል ሐሳቡን ሲቀይር ሆልምስ «አልወደቅኩም» ብሎ ከች አለ። አንባቢም ተቀበለው። ምን ያድርግ፣ ናፍቆታል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ዲከንስ ግን ያሳዝነኛል። የመጨረሻ ልቦለዱን በየወሩ በክፍል በክፍል እያወጣ፣ ከታሰበው 12 ክፍል 6ቱን ብቻ ጽፎ በ1870 ሞተ። ኤድዊን ድሩድ የሚባለው ወጣት ተገደለ ወይስ እንዲሁ ጠፋ? ሰው እስከ ዛሬ ይከራከራል።

እኛ ሀገር ድራማ ላይማ ተዋናዩ ቪዛ ሲመታለት ገጸ ባሕርዩም አብሮት ይሳፈራል። ቤተሰቡ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል እንጂ «ልጃችን የት ደረሰ?» የሚል የለም። እኔ ይሄን የመሰለ ዝምታ ላይ ቅር ይለኛል። ክፍት መተው አንድ ነገር ነው፣ መርሳት ሌላ። ቢያንስ አንዱ ስልክ ይሞክርለት፤ «ጥሪ አይቀበልም» ይበለው። አንባቢ ያኔ ይጠብቃል።

ይሄን ብዬ የራሴን ደብተር ገለጥኩ። ያልተከፈተ ሳጥን አለ። ሌሊት እየደወለ የማይናገር ሰው አለ። አባቱ ያልታወቀ ልጅ አለ፣ እሱም አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። ከነዚህ አንዱን እንኳ ልዝጋ ብዬ ቁጭ አልኩ።

ጀግናዋ መንታ እህት እንዳላት ጻፍኩ። ምን እንደምትሠራልኝ አላውቅም። ስም ግን አውጥቼላታለሁ።