ማሽኑ የጮኸባት ልጅ

ጉልበቴ ካመመኝ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ደረጃ ስወርድ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ስወጣ ዝም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነበሩ። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። ስልክ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? ሰው ያያል።

ሰውዬው በሩን ሞልቶ የሚገባ ዓይነት ነው። የቲሸርቱ እጅጌ ክንዱን አንቆታል። አንገቱና ትከሻው የት ጋ እንደሚለያዩ አያስታውቅም። ልጅቷ ደግሞ ሁለት ሰው የሚይዝ ጃኬት ውስጥ ጠፍታለች። ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ ጣል አድርጋ ታንቀላፋለች። ሃያ ሁለት፣ ቢበዛ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከጃኬቱ የወጡት እጆቿ ሲባጎ ናቸው። በሆዴ ፍርድ ሰጠሁ። እሱ ስፖርተኛ ነው፣ ምናልባት ክብደት አንሺ። እሷ ግን ታማለች፣ ምስኪን።

ሲስተር መጣችና ልጅቷ ጣት ላይ ያችን ቆንጣጭ የልብ ምት መለኪያ ሰካችላት። ማሽኑ ትንሽ አሰበና ጲጵ ጲጵ ጲጵ ማለት ጀመረ። ቁጥሩ 38። ሲስተር ማሽኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ሌላ ጣት ሞከረች። 39። አሁንም ጩኸት። እኔ ከወንበሬ ብድግ ልል ምንም አልቀረኝ።

ልጅቷ ዓይኗን እንኳ በደንብ ሳትገልጥ፣ "አትደንግጪ ሲስተር፣ የእኔ እንደዚህ ነው። ሯጭ ነኝ" አለች።

ያ ሁሉ ጡንቻ ደግሞ የሂሳብ ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። ትከሻውን የጎዳው ጂም ውስጥ ነው። የእኔ የልብ ምት ስንት ሆነ? 84። ያውም ቁጭ ብዬ።

ቤት ገብቼ ይህን የምጽፈው፣ ጓደኞቼን ለዓመታት በአንድ ነገር ስሞግታቸው ስለኖርኩ ነው። "አትሌቶች እኮ እንደ እኛው ናቸው፣ ልዩነቱ ልምምድ ብቻ ነው" እል ነበር። ማስረጃዬ ቴሌቪዥን ነበር። ዛሬ ይለያሉ ለማለት ተገድጃለሁ። ብቻ እኔ ልዩነቱን ስፈልግ የኖርኩት ሌላ ቦታ ነው።

ቴሌቪዥን ያሞኛል። ሁልጊዜ አትሌቱን የሚያሳየን ከአምሳያው ጎን አቁሞ ነዋ። ሁለት ሜትር የሚጠጉ አሥር ሰዎች አንድ ሜዳ ላይ ሲራወጡ ከመካከላቸው ረጅም የሚባል የለም። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤ ተጫዋቾች አማካይ ቁመት ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ዓይናችን የሚያርፈው ግን እንደ ማግሲ ቦግስ ያለው ላይ ነው፤ 160 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 14 የውድድር ዘመን የተጫወተው ሰው። ሲሞን ባይልስ 142 ሴንቲ ሜትር ናት። ከሌሎቹ ጂምናስቶች ጋር ስትሰለፍ ማን ልብ ይላል? ዩሴን ቦልት ብቻ ነው ይህን ሕግ የጣሰው፤ 195 ሴንቲ ሜትር ቁመቱ በካሜራም አልደበቅ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትሩን በ9.58 ሰከንድ ሲጨርስ 41 እርምጃ ገደማ ነው የወሰደበት። ጎኑ የነበሩት ሦስት አራት እርምጃ ጨምረው ነው እሱ የደረሰበት የሚደርሱት።

ፍጥነቱም ያው ነው። የማራቶን መሪዎችን ስናይ ሸብ ሸብ የሚሉ ነው የሚመስለን። ነፍሱን ይማርና ኬልቪን ኪፕቱም በ2023 ቺካጎ ላይ የገባው በ2 ሰዓት ከ35 ሰከንድ ነበር። ይህ ማለት እያንዳንዷን 100 ሜትር በ17 ሰከንድ ገደማ፣ እሱንም 422 ጊዜ። በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የምሄድበት ጂም ውስጥ ያለው የሩጫ ማሽን መጨረሻው 20 ነው። አንድ ቀን ሰው አለመኖሩን አይቼ 20 ላይ አደረግኩት። አርባ ሰከንድ እንኳ የሞላሁ አይመስለኝም። ከዚያ ብረቱን ሙጭጭ አድርጌ እግሮቼን ግራና ቀኝ ከፍቼ ቆምኩ። ማሽኑ ከሥሬ ብቻውን ሮጠ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ከነቃች በኋላ ጨዋታ ጀመርን። የእግሯ አጥንት ላይ ስንጥቅ ተገኝቶ ነው የመጣችው። ከመጎዳቷ በፊት በሳምንት 170 ኪሎ ሜትር ያህል ትሮጥ ነበር። ታማለች ብዬ እንደነበር ስነግራት ሳቀች።

"ብቻዎትን አይደሉም ጋሼ። አውቶቡስ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ቦታ ይለቁልኛል።"

ሱሪዋን ሰብስባ የሚያማትን ቦታ አሳየችኝ። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ቁርጭምጭሚቷ በአውራ ጣቴና በመሃል ጣቴ የሚከበብ ይመስላል። ባቷ ትንሽ ናት፤ ያችም ወደ ላይ ሸሽታ ከጉልበቷ ሥር ተወሽቃለች። ከዚያ በታች ያለው ጅማት ብቻ ነው፤ ከተረከዟ ተነስቶ እንደ ተወጠረ ገመድ ወደ ላይ ይወጣል። የሁለቱም አውራ ጣቶቿ ጥፍር ጠቁሯል። አንዱ ሊወልቅ የደረሰ ነው።

"ባትሽ የታለ?" አልኳት፣ ለቀልድ ያህል።

"ወፍራም ባት እኮ ሻንጣ ነው። ይዘውት ነው የሚሮጡት።"

ነገሩ እውነት ነው። መጥረቢያን ብረቱ አጠገብ ይዞ ማወዛወዝ ቀላል ነው፤ ከእጀታው ጫፍ ይዞ ሲያወዛውዙት ግን ያው መጥረቢያ ይከብዳል። እግርም እንዲሁ ነው። ክብደቱ ከዳሌ በራቀ ቁጥር እያንዳንዱ እርምጃ ዋጋው ይንራል። አንዱ ጫማ ላይም ሌላው ጫማ ላይም 100 ግራም ቢጨመር ሯጩ የሚያወጣው ኃይል በ1 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ተለክቷል። ያን ያህል ክብደት ወገብ ላይ ቢታሰር ግን ሰውየው ልብም አይለው። በደቂቃ 180 እርምጃ ለሚረግጥ ሰው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ይህች 1 በመቶ ብዙ ናት። ረጅሙ ጅማት ደግሞ እንደ ስፕሪንግ መሬቱን ሲነካ ተለጥጦ፣ ሲነሳ የያዘውን ኃይል ይመልሳል። ጡንቻ ሊሠራው የነበረውን ሥራ በከፊል ጅማቱ በነጻ ይሠራለታል። ትንሽ ሰውነት ሙቀቱንም ቶሎ ያስወጣል። ስለዚህ እኔ "ምስኪን" ያልኩት ሰውነት ለሥራው ተቀርጾ ያለቀ መሣሪያ ነበር።

ቀጥሎ የመጣብኝ ጥያቄ፣ ሰውነቱ ነው ስፖርቱን የመረጠው ወይስ ስፖርቱ ነው ሰውነቱን የሠራው የሚል ነው። ዋናተኛውን ማይክል ፌልፕስን እንውሰድ። ቁመቱ 193 ሴንቲ ሜትር ነው። እጆቹን ሲዘረጋ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ 201 ገደማ። ሽንጠ ረጅም ነው፣ እግሩ ደግሞ ለቁመቱ አጭር። ሽንጥ በዋና አይረዝምም፣ እግርም በልምምድ አያጥርም። ይህን ይዞ ነው ውሃ ውስጥ የገባው፤ 23 የኦሎምፒክ ወርቅ ይዞ ወጣ። ሱሪና ሸሚዝ ለብሶ መንገድ ላይ ቢያልፈን ግን "ረጅም ሰው" ብለን እናልፈው ነበር።

በሌላ በኩል ሮድ ሌቨር አለ፤ በ1962 እና በ1969 አራቱንም ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች በአንድ ዓመት ያሸነፈው ግራኝ። የድሮ ፎቶዎቹን ሳይ የግራ ክንዱና የቀኝ ክንዱ የአንድ ሰው አይመስሉም። ግራው ከሌላ ሰው የተዋሰው ያህል ደንዳና ነው። ይህን ምሳሌ የምወደው ክርክር ስለሚዘጋ ነው። እናት አንድ፣ አባት አንድ፣ ሰውየው አንድ፣ ክንዱ ግን ሁለት ዓይነት። ጡንቻው ብቻም አይደለም። በልጅነታቸው በጀመሩ የቴኒስ ተጫዋቾች ላይ ራኬት የሚይዘው ክንድ አጥንቱ ራሱ ይወፍራል።

የትግልና የጁዶ ሰዎች ደግሞ መታወቂያቸው ጆሯቸው ነው። ጆሮ ሲፈተግና ሲመታ ከቆዳውና ከለምለም አጥንቱ መካከል ደም ይቋጠራል፤ በጊዜ ካልተቀዳ ደንድኖ ይቀራል። በጡንቻ ሰው ሊሳሳት ይችላል፣ ዛሬ እንዳየሁት። እንደዚያ በደነደነ ጆሮ ግን መሳሳት ከባድ ነው። ጂም ገብቶ ጆሮ የሚያሠራ የለማ።

ጋሪንቻን ባልጠቅስ ደግሞ እግር ኳስ ወዳዶች ይጣሉኛል። ሁለቱም እግሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የጎበጡ፣ አንዱ ካንዱ ያጠረ ሰው ነበር። ወረፋ ላይ ብናየው ማን ስፖርተኛ ይለዋል? በ1958 እና በ1962 ከብራዚል ጋር ዓለም ዋንጫ አንስቷል።

ሰውነት ያለፈበትን የሚያስታውስበት ሌላም መንገድ አለ፣ አኳኋን። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲሮጥ ግራ ክንዱን ጠጋ አድርጎ ነበር የሚይዘው፤ ልጅ ሆኖ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የቀረበት ልማድ ነው ይባላል። ቆሞ ሲታይ አጭር፣ ፈገግተኛ ሰው ነው። ሲንቀሳቀስ ነው የሚታወቀው። ልጅቷም እንዲሁ። ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ እጇን የትም አላሳረፈችም። ወንበሩ ላይ ነበረች፣ ከዚያ ቆማለች። መሃሉን አላየሁትም። እኔ ስነሳ ሁለት ጉልበቴን ይዤ፣ አቃስቼ ነው።

አሁንም ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን ያ 38 ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት በዓይን የማይታየው ሆነብኝ። ሥራ የፈታ ሰውነት በደቂቃ አምስት ሊትር ገደማ ደም ይበቃዋል። የእኛ ዓይነቱ ልብ ይህን ለማድረስ ሰባ ጊዜ ይመታል፣ በእያንዳንዱ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል እየገፋ። የእሷ በአንድ ምት እጥፉን ለመግፋት የሚጠጋ ነው። ስለዚህ አይቸኩልም። ስትሮጥ ነው ጉዱ የሚመጣው። ያልሠለጠነ ልብ ሲጨነቅ በደቂቃ ሃያ ሊትር ገደማ ያደርሳል፤ ከምርጦቹ የጽናት አትሌቶች ደግሞ አርባ የሚጠጉ አሉ። የብስክሌት ውድድሩን ቱር ደ ፍራንስን አምስት ጊዜ ተከታትሎ ያሸነፈው ሚጌል ኢንዱራይን ሲያርፍ ልቡ በደቂቃ 28 ጊዜ ይመታ ነበር ይባላል። የእኛ ሲስተር ብታገኘው ማሽኑን ትጥለው ነበር።

ይህ የተገኘው ደግሞ ዛሬ አይደለም። በ1899 ሄንሸን የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም የበረዶ ሸርታቴ ተወዳዳሪዎችን ደረት በጣቱ እያንኳኳ ልባቸው ከተራው ሰው ልብ እንደሚሰፋ አውቋል። ራጅ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ በጣት! ቤት ገብቼ የራሴን ደረት አንኳኳሁ። ምንም አልተረዳሁም።

ደስ ያላለኝንም ልጻፍ። አሠልጣኟ "ቀለል በይ" ሲላት ምሳ ትዘል እንደነበር ነገረችኝ። የወር አበባዋም ለወራት ቀርቶ ነበር። ሯጭ የሚያወጣውን ያህል ካልበላ ሰውነቱ ወጪ ይቀንሳል፤ ከሚቀነሰው አንዱ አጥንት ነው። ቅድም ያን ያህል ያደነቅኩት ቅጥነት የሩጫ ይሁን የረሃብ፣ ቁጭ ብዬ በማየት መለየት አልችልም ነበር። አሁን እየበላች እንደሆነ ማለችልኝ። ያልጠየቅኳትን መማሏ ራሱ ትንሽ አሳሰበኝ።

ተራዋ ደርሶ ገባች። ክፍሉ ውስጥ እኔና ያ ፈርጣማው ሰው ቀረን። ለአፍታ ዝም ብሎ ቆየና ሲስተርን ጠራት።

"እስቲ ያቺን ነገር እኔም ጣት ላይ አድርጊልኝ" አለ፣ እንደ ቀልድ።

ሰካችለት። ማሽኑ አልጮኸም። 76።

"ደህና ነው?" አላት።

"በጣም ደህና ነው። እንደ ሰው ነው" አለችው።

ደስ ያለው አልመሰለኝም።