ተራ ኮርድ ባልለመደው ባስ ላይ፦ በፒያኖ ኢምፕሬሺኒስት ድምፅ የማወጣበት መንገድ

ኢምፕሬሺኒስት የሚባሉትን የፈረንሳይ አቀናባሪዎች፣ የዴቡሲንና የራቬልን ዓይነት የድምፅ ቀለም በፒያኖ ላይ ለማውጣት ረጃጅም ስም ያላቸውን ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ኖታዎችን) በቃል መያዝ ግድ ይመስላል። እኔን ያዋጣኝ ግን ሦስት ኖታ ብቻ ያለው ተራ ሜጀርና ተራ ማይነር ነው። ቀኝ እጅ ተራውን ኮርድ ይይዛል፤ ግራ እጅ የዚያ ኮርድ ያልሆነ ባስ (ወፍራም የታች ኖታ) ከሥሩ ያስቀምጣል። የተቀረው ፔዳል (ድምፁን የሚያቆየው የቀኝ እግር መርገጫ)፣ የጣት ክብደትና ትዕግሥት ነው።

ኖታዎቹን ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያልኩ ነው የምጠራው። «ሲ» ስል ከዶ በስተግራ ያለችውን ነጭ ቁልፍ ማለቴ ነው፤ በእንግሊዝኛው ፊደል «ሲ» የሚባለው እዚህ ዶ ነው። «ሻርፕ» ከኖታው በስተቀኝ፣ «ፍላት» በስተግራ ያለችው ቀጣይ ቁልፍ ናት።

የጀመርኩት በአንድ ኮርድ ነው። ቀኝ እጅ ከመካከለኛው ዶ በላይ ሚ፣ ሶል፣ ሲን (ሚ ማይነርን) ይዞ ከቦታው አይነቃነቅም። ግራ እጅ ብቻውን ከታች ዶን፣ ከዚያ ላን፣ ከዚያ ፋን፣ ከዚያ ሬን ይመታል። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 56 ምት ላይ አድርጌ ለእያንዳንዱ ባስ 8 ምት እሰጠዋለሁ። ዶ ላይ ኮርዱ ለስለስ ይላል፤ ላ ላይ ባዶና ሰፊ ይሆናል፤ ፋ ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ብርሃን ያገኛል። ሶል ላይ ግን ምንም አይፈጠርም፤ ምክንያቱም ሶል ራሱ የኮርዱ አባል ነው። ይህን ልዩነት ጆሮ ሳይለይ ወደ ሌላ ኮርድ መሄድ ጥቅም የለውም።

ፈረንሳዊው አቀናባሪ ኤሪክ ሳቲ እ.ኤ.አ. በ1888 ለፒያኖ የጻፈው የመጀመሪያው «ዢምኖፔዲ» መክፈቻ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሶል ባስ ላይ ሲ ማይነር፣ ሬ ባስ ላይ ፋ ሻርፕ ማይነር፣ ሁለቱ ይፈራረቃሉ። ሁለት ተራ ማይነሮች ናቸው፤ ጆሮ ግን ማይነር ብሎ አይሰማቸውም።

ከዚያ በኋላ በእጄ የቀሩት አራት ርቀቶች ናቸው። ከባሱ ሜጀር ሦስተኛ (አራት ቁልፍ፣ ጥቁሩም ተቆጥሮ) ከፍ ብሎ ማይነር ኮርድ ማስቀመጥ አንዱ ነው፤ ዶ ባስ ላይ ሚ ማይነር እንዳልነው። ሁለተኛው ከባሱ አምስተኛ ላይ ሜጀር ነው፦ ዶ ባስ ላይ ሶል ሜጀር። ሦስተኛው ከባሱ በአንድ ሙሉ ድምፅ (ሁለት ቁልፍ) ዝቅ ያለ ሜጀር ነው፦ ሬ ባስ ላይ ዶ ሜጀር። ይህ የተንጠለጠለ፣ መልስ የማይጠይቅ ጥያቄ ይመስላል፤ ከሁሉም ይበልጥ የምወደው እሱን ነው። አራተኛው በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ያለ ሜጀር ነው፦ ፋ ባስ ላይ ሶል ሜጀር። በዚህ በአራተኛው ብቻ፣ ፋንና ዶን በግራ እጅ ይዞ በላዩ ላይ ፋ ሜጀርንና ሶል ሜጀርን እያፈራረቁ ሁለት ደቂቃ መጫወት ይቻላል። ባሱ እስካልተነቃነቀ ድረስ አይሰለችም።

ግራ እጅ ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ስህተት ኮርዱን እዚያም መድገም ነው። ከመካከለኛው ዶ በአንድ ኦክታቭ (እስከ ቀጣዩ ዶ) ወርዶ ዶና ሚ አብረው ሲመቱ ድምፁ ይጎረብጣል። የወፍራም ገመዶች ተደራቢ ድምፆች ስለሚቀራረቡ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፣ በዶና በሚ መካከል ያለው ጠባብ ርቀት ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ከዚያ መስመር በታች የምጠቀመው ነጠላ ኖታ፣ ኦክታቭ ወይም አምስተኛ ብቻ ነው። እጅ ከደረሰ አሥረኛውም (ዶና በላይኛው ኦክታቭ ያለው ሚ) ጥሩ ነው፤ ካልደረሰ ባሱን መትቶ በፔዳል ያዝ አድርጎ ሚውን ቀጥሎ መንካት ይበቃል።

ሁለተኛው ችግር ከልማድ የሚመጣ ነው። እጅ ሳያስበው ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋን ይይዝና ወደ ዶ ሜጀር ይወድቃል። ያን ጊዜ የተገነባው ጭጋግ በአንድ ምት ይገፈፋል፤ ሲ ወደ ዶ፣ ፋ ወደ ሚ ስለሚጎትቱ ሙዚቃው «ደረስን» ብሎ ይናገራል። በዚህ አጨዋወት ኮርድ ቀለም ነው፤ የትም አይደርስም። መፍትሔው ሶል ሜጀርን መከልከል አይደለም። ሶል ሜጀር ሲያምረኝ ከሥሩ ላን ወይም ፋን አስቀምጣለሁ፤ ሶል ባስ ከሆነ ደግሞ በላዩ ፋ ሜጀርን እጭናለሁ። ሲ ከኮርዱ ስለወጣ መጎተቱ ይቀራል። ነጭ ቁልፎችን ብቻ እየተጫወቱ ባሱን በሬ ወይም በፋ ላይ ማቆየትም ይረዳል፤ ዶ ቤት መሆኑ ይረሳል።

ወደ ሦስተኛው ነገር ስመጣ ብዙ ጊዜ የወሰደው እሱ ነው፦ የእጅን ቅርጽ ሳይቀይሩ ኮርዱን እንዳለ ማንሸራተት። ሜሎዲው በትንሿ ጣት ላይ ነው፤ 1፣ 3 እና 5ኛ ጣት አንድ ሜጀር ኮርድ እንደያዙ አብረው ይጓዛሉ። ዶ ሜጀር፣ ሚ ፍላት ሜጀር፣ ፋ ሜጀር፣ ሚ ፍላት ሜጀር፣ ዶ ሜጀር፤ ሌላ ምንም አልተጨመረም። ችግሩ የቁልፎቹ ቀለም መለዋወጡ ነው። ዶ፣ ፋና ሶል ሦስቱም ነጭ ናቸው። ሬ፣ ሚና ላ መሃላቸው ጥቁር ነው። ሬ ፍላት፣ ሚ ፍላትና ላ ፍላት ዳርና ዳራቸው ጥቁር፣ መሃላቸው ነጭ። ፋ ሻርፕ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነው። ሲ ፍላትና ሲ ብቻ ከማንም ጋር አይመሳሰሉም። እነዚህን በቡድን በቡድናቸው ዓይን ጨፍኖ እስኪያገኙ ድረስ መለማመድ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ እጅ በየመሃሉ ይፈራና ሙዚቃው ይደናቀፋል። እርምጃው ሙሉ ድምፅ ወይም ማይነር ሦስተኛ (ሦስት ቁልፍ) ቢሆን ይመረጣል፤ ሰፊ ዝላይ ላይ ኮርዶቹ አንድ ጥላ መሆናቸው ቀርቶ የተበታተኑ ይሆናሉ።

በነጭ ቁልፎች ብቻ ማንሸራተት ይቀላል፤ ግን ሲ፣ ሬ፣ ፋ ላይ ሲደርስ እዚያው የሸሸነው ሲና ፋ አድፍጠዋል። እኔ እዘለዋለሁ፤ ከላ ማይነር በቀጥታ ዶ ሜጀር።

ሙሉ ድምፅ ስኬል፣ ማለትም በሙሉ ድምፅ እርምጃ ብቻ የሚወጣ የኖታ ረድፍ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ ሻርፕ)፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጥበት ነው፤ ቶሎ የሚያሰለቸውም እሱ ነው። ከስድስቱ ኖታዎች የሚወጡት ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ሻርፕ፤ እና ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ ሻርፕ። ሌላው ሁሉ የእነዚሁ ግልባጭ ነው። ስለዚህ ከአራት ባር (የምት ክፍል) በላይ አላቆየውም፤ እንደ ድልድይ ብቻ እጠቀምበታለሁ። ዴቡሲ «ቯል» በተባለው ፕሬሉዱ (አጭር የፒያኖ ድርሰቱ) ሙሉውን ለማለት በሚያስደፍር መልኩ በዚህ ስኬል ጽፏል፤ ግን መሃል ላይ ለጥቂት ባሮች ወደ ጥቁር ቁልፎቹ ባለ አምስት ኖታ ስኬል ይወጣል፣ ከሥር ሲ ፍላት ባሱ እንደያዘ ነው። ከእሱ የወሰድኩት ይህን ነው፦ ስኬል ሲቀየር ባስ ይቆይ፤ ባስ ሲቀየር ቀኝ እጅ ይቆይ። ሁለቱ አብረው ከተነሱ አድማጭ የሚይዘው ያጣል። (በነገራችን ላይ ዴቡሲ ራሱ «ኢምፕሬሺኒስት» መባሉን አልወደደውም።)

ፔዳል ላይ ብዙ ሰው እግሩን ከኮርዱ ጋር አንድ ላይ ይጫናል። ያን ጊዜ ወይ የቀድሞው ኮርድ ተቀላቅሎ ይቀራል፣ ወይ መሃል ላይ ክፍተት ይፈጠራል። አዲሱ ባስ ሲመታ እግር ይነሳል፤ ጣት ገና ቁልፉ ላይ እያለ እግር ተመልሶ ይወርዳል። ባሱ ረጅም ሆኖ ቀኝ እጅ ኮርድ ሲቀያይር፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ኮርድ ድምፁ መጨቅየት ይጀምራል። ያኔ ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ ሳይሆን እስከ ግማሽ ብቻ ለአፍታ መልቀቅ ነው። ቀጫጭኖቹ የላይ ገመዶች ወዲያው ጸጥ ይላሉ፤ ወፍራሞቹ የባስ ገመዶች ግን ይቀጥላሉ። በርካሽ ዲጂታል ፒያኖዎች ፔዳሉ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ስለሆነ ግማሽ የሚባል ነገር አያውቅም። እዚያ ላይ ባሱን በየሁለት ባር ደግሜ በቀስታ እመታዋለሁ። በብዙ ግራንድ ፒያኖዎች የመሃሉ ፔዳል ባሱ ብቻ ተይዞ ሳለ ከተጫኑት ባሱን ብቻ ያቆያል፤ በብዙ ቋሚ ፒያኖዎች ግን ያው ፔዳል ድምፅ ማፈኛ ነው፣ ስለዚህ ቀድሞ መሞከር ይሻላል። አሮጌ ዲጂታል ከሆነ ሌላም አለ፦ በአንድ ጊዜ 32 ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ከሆነ፣ ፔዳል ተይዞ ኮርድ ሲደራረብ የቆየው ባስ በድንገት ይቆረጣል። ጥፋቱ የእጅ አይደለም።

ሦስቱም የኮርዱ ኖታዎች እኩል ከጮኹ፣ የቱንም ያህል ያማረ ኮርድ የመዝሙር ማጀቢያ ይመስላል። ክብደቱ ወደ ትንሿ ጣት ያጋድል፤ አውራ ጣት ቁልፉን ይዳስስ እንጂ አይምታ። ለዚህ የጠቀመኝ ልምምድ አንዱን ኮርድ ደጋግሞ መምታት ነው፦ የላይኛዋ ኖታ ተይዛ ትቀራለች፣ የታችኞቹ ሁለቱ ወዲያው ተነክተው ይለቀቃሉ። ጣቶቹ ከተለያዩ በኋላ ሦስቱንም አብሮ መያዝ ነው።

ሪትም ላይ የምለው ትንሽ ነው። ኮርዱን በየባሩ መጀመሪያ ላይ ማሳረፍ ድምፁን ወደ ሰልፍ ይወስደዋል፤ ከሁለተኛው ምት ወይም ከምቱ አጋማሽ መጀመር ያድነዋል። ኮርዱን እየዘረዘሩ ያለማቋረጥ ሽቅብ ቁልቁል መውጣትም ቀላል ማምለጫ ነው፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የሚቀረው ውኃ መሰል ጫጫታ ነው። የሁለት ባር ሐሳብ ፈጥሮ ወዲያው እንዳለ መድገም፣ ቀጥሎ ባሱን ብቻ ቀይሮ ሦስተኛ ጊዜ መጫወት ከዚያ ይሻላል።

ከመጀመሬ በፊት ሦስት ነገር እወስናለሁ፦ ስኬሉን፣ ሁለት ባሶችን፣ የሁለቱን ባር ሐሳብ። ለመዝጋት ወደ ዶ ሜጀር አልመለስም። መጀመሪያ የተጫወትኩትን ኮርድ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጌ፣ ቀኝ እጅን በፔዳል ይዤ፣ ባሱን በመጨረሻ በጣም በቀስታ እነካለሁ፤ እግሬንም ገመዱ ራሱ ጸጥ እስኪል አላነሳም።