ቆሻሻ የመሰለኝ ነጥብ

ለንደን ውስጥ በአንድ ሙዚየም መጋዘን ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር። ሥራዬ አቧራ ማራገፍ ነው። መደርደሪያው ላይ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተቀረጹ፣ ከደረት በላይ ያሉ ሰዎች ተሰልፈዋል። ዳኛ አለ፣ ገጣሚ አለ፣ ነጋዴ አለ። አብዛኞቹ ጢማቸው ደረታቸው ድረስ ነው። ገሚሱ እብነ በረድ፣ ገሚሱ ጀሶ።

ያን ዕለት ተራው የአንድ የጀሶ ሽማግሌ ነበር። በለስላሳ ብሩሽ ቀስ እያልኩ ስጠርገው ከአቧራው ሥር ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች ብቅ አሉ። ግንባሩ ላይ፣ አፍንጫው ጫፍ ላይ፣ ጉንጩና አገጩ ላይ። ዝንብ ያረፈበት ይመስላል። እኔ ደግሞ እጄ የገባ ነገር ካልጠራ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ እናቴ ያሳደገችን እንደዚያ ነው። ጥጥ አመጣሁ። ውሃ ነካ አደረግኩት። ግራ ጉንጩ ላይ ያለውን ነጥብ አሸት አሸት ሳደርገው ለቀቀ። ደስ አለኝ። ወደ ሁለተኛው ዞርኩ።

«እጅህን አንሳ!»

አለቃዬ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው የጥገና ባለሙያ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሰምቼ አላውቅም። ጀሶ ውሃ እንደሚጠጣ፣ ርጥብ ነገር እንዳላስጠጋበት በመጀመሪያው ሳምንት ነግረውኛል። ረስቼው አልነበረም። አንድ ጠብታ ምን ያደርጋል ብዬ ነው።

አልተቆጡም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ነጥቦቹን በጣታቸው ሳይነኩ እያሳዩኝ አስረዱኝ። ቀራጺው መጀመሪያ ፊቱን በጭቃ ይሠራል። የሚቀረጸው ሰው ደጋግሞ እየመጣ ይቀመጥለታል። ጭቃ ደርቆ ስለሚሰነጠቅ በጀሶ ይገለበጣል። ከዚያ ጀሶው ላይ ነጥብ በነጥብ ምልክት ይደረጋል። ክንድ ያለው፣ ጫፉ ላይ መርፌ የተሰካለት መለኪያ አለ፤ መርፌው እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያርፍና ጥልቀቱ ይያዛል። መለኪያው ወደ ድንጋዩ ይዞራል። ረዳቶቹ መርፌው እስከሚፈቅደው ድረስ ብቻ ይበሳሉ፣ ይጠርባሉ። ዋናው ቀራጺ የመጨረሻዋን ስስ ሽፋን በራሱ እጅ ይጨርሳል። እነዚያ ነጥቦች እንግዲህ መርፌው የቆመባቸው ቦታዎች ናቸው። እኔ አንዱን አጠፋሁት።

ምሳ ሰዓት ላይ ዝም ማለቴን አይተው ነው መሰለኝ፣ ስለ ቶማስ ዎልነር አጫወቱኝ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1825 እንግሊዝ አገር፣ ሰፎክ ውስጥ የተወለደ ቀራጺ ነው። በ1848 ለንደን ላይ የራሳቸውን የሥነ ጥበብ ማኅበር ካቋቋሙት ሰባት ወጣቶች አንዱ፣ ከመካከላቸውም ቀራጺው እሱ ብቻ ነበር። ሥራ አልቀና ሲለው በ1852 ወርቅ ፍለጋ አውስትራሊያ ሄደ። ወርቁ እምቢ አለው፤ እዚያው የሰው ፊት እየቀረጸ እንጀራውን በላ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሰ። የገጣሚው ቴኒሰን የ1857 ምስል የሱ ሥራ ነው፤ ጢም ሳያወጣ ያለውን ማለቴ ነው። የቴኒሰንን ጢማም ምስልም ኋላ ላይ ራሱ ሠርቶታል።

እኔን የያዘኝ ግን የጆሮው ነገር ነው። ዎልነር ፐክ የሚባለውን የተረት ፍጡር ሲቀርጽ ሹል ጆሮ ሰጠው። ጆሮው በደንብ እንዲወጣለት የዝንጀሮዎችን ጆሮ ማየት ጀመረ። ከዚያ የሰውን። ሲያይ ሲያይ አንዳንድ ሰው ጆሮ ላይ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ በታጠፈበት፣ ከላይ በኩል፣ የምስር ፍሬ የማታክል ጉብታ አገኘ። ሌላ ቀራጺ ቢሆን እንደ እንከን ቆጥሮ ይለሰልሳት ነበር ብዬ አስባለሁ። እሱ ልብ አላት።

በ1868 መጨረሻ፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት ዓመት ማለት ነው፣ ዎልነር ቻርለስ ዳርዊን ቤት ሄዶ የሳይንቲስቱን ፊት ቀረጸ። ስለ ጉብታዋ ነገረው፤ ሥዕሏንም ላከለት። ዳርዊን በ1871 ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የዎልነርን ስም ጠርቶ፣ ሥዕሉንም አስገብቶ ጻፈበት። እሱ እንደሚለው ጉብታዋ የጥንት ቅድመ አያቶቻችን ሹል ጆሮ ቅሪት ናት። ዛሬ ሐኪሞች በዳርዊን ስም ነው የሚጠሯት። እኔ በበኩሌ የዎልነር ብላቸው ደስ ይለኛል፤ ቀድሞ ያያት እሱ ነው።

«ዎልነር ያቺን ጉብታ ጠርጎ ቢያልፋትስ?» አሉኝ አለቃዬ። ሌላ አልጨመሩም።

ከምሳ በኋላ የሽማግሌውን መዝገብ አውጥተው ከእስክሪብቶ ጋር ሰጡኝ። እሳቸው አይጽፉም፤ እኔ ነኝ የምጽፈው። እጄ ተንቀጠቀጠ። «በግራ ጉንጭ ላይ የነበረ አንድ የመለኪያ ነጥብ በርጥብ ጥጥ ጠፍቷል» ብዬ ቀኑን አስገባሁ፣ ፈረምኩ። አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁና ከሥሬ ፈረሙ።

አሁን አምስት ዓመት ሆኖኛል። ሽማግሌው አሁንም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። መብራት ከጎን ሲያገኘው ነጥቡ የነበረበት ቦታ ከሌላው ጉንጭ ትንሽ ነጣ ብሎ ይታያል። ብሩሹን ሁሌም የምጀምረው ከእዚያ ነው፣ በደረቁ።