እቴቴና የሚበረው ፈረስ

ባለፈው ሳምንት ደሴ መብራት ጠፍቶ አመሸ። ስልኬ ላይ ያወረድኩት የድሮ ድምፅ አልባ ፊልም ነበርና እሱን ከፈትኩ። አክስቴ፣ እኛ ቤት እቴቴ ነው የምንላት፣ አቦሉን እየቀዳች «ምንድነው እንዲህ ያፈዘዘህ?» አለችኝ። አጠገቧ ሄጄ ስልኩን ስኒዎቹ መሀል አቆምኩት።

ፊልሙ «የልዑል አህመድ ጀብዱዎች» ነው። ሎተ ራይኒገር የምትባል ጀርመናዊት የሠራችው፣ እ.ኤ.አ. በ1926 የታየ። ተዋናይ የለውም። ሁሉም ነገር በመቀስ የተቆረጠ ጥላ ነው። ክንዱን ለብቻ፣ ጉልበቱን ለብቻ ከጥቁር ካርቶን ትቆርጥና መገጣጠሚያውን በሽቦ ታያይዘዋለች፣ ከዚያ ከሥሩ መብራት ባለበት መስታወት ላይ አጋድማ ፎቶ ታነሳዋለች፣ ትንሽ ታንቀሳቅሰዋለች፣ ደግሞ ታነሳዋለች። ከባሏና ከጥቂት ባልደረቦቿ ጋር ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቶባታል።

እቴቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ መቀስ ይዛለች።

«አቁመው እስቲ» አለችኝ። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ የልዕልቷን የራስ ጌጥ አየችው፤ ጥልፍ የመሰለ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። «ወላሂ ይቺ ሴትዮ ነድፋ አይደለም የቆረጠችው። እጇ ነው የሚያውቀው።» እኔ ይህን ፊልም አራቴ አይቼዋለሁ፣ የእጅ ሥራውን ግን እንደዚያ ቀን አላየሁትም።

ታሪኩ ከአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች የተቀዳ ነው። ጠንቋዩ የሚበር ፈረስ ያመጣል፣ ልዑሉ ይወጣበትና ሽቅብ ይተኮሳል፣ እንዴት እንደሚወርድ ግን አያውቅም። «መውረጃውን ሳይጠይቅ ወጣ? ወይኔ ልጄን!» አለች እቴቴ፣ ስኒው እጇ ላይ እንዳለ። በየመሀሉ ጽሑፍ ይመጣል፤ መጀመሪያ እየተረጎምኩላት ነበር። ጃፓን ውስጥ ድሮ ቤንሺ የሚባሉ ሰዎች ከስክሪኑ አጠገብ ቆመው ለተመልካቹ ይተርኩ ነበር፣ እኔም እንደዚያ እየሆንኩ ነበር። ቶናው ላይ ስንደርስ ግን «ዝም በል፣ ገብቶኛል» አለችኝ። ሌላ የውጭ ፊልም ሳሳያት እኮ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት!

እንዲህ ያለው ሥራ ዛሬ ላይ መድረሱ ራሱ ይገርመኛል። የዚያ ዘመን ፊልም ናይትሬት በሚባል፣ እሳት ሲነካው በማይጠፋ፣ ሲቆይም በሚበሰብስ ነገር ላይ ነበር የሚነሳው። አርጀንቲና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1917 የተሠራ ረጅም አኒሜሽን ነበር፣ ዛሬ አንድም ቅጂ የለውም። ስለዚህ እስካሁን ከተረፉት ረጃጅም አኒሜሽኖች አንጋፋው የራይኒገር ነው፤ የሱም የመጀመሪያ ኔጋቲቭ፣ ማለትም ቅጂ የሚታተምበት ዋናው ፊልም፣ ጠፍቷል፣ የምናየው እንግሊዝ አገር ከተገኘ ቅጂ የታደሰውን ነው። በፊልሙ ጨረቃ ላይ ሮኬት የሰካው ፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ሜልየስማ እ.ኤ.አ. በ1923 የገዛ ኔጋቲቮቹን በገዛ እጁ አቃጠለ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ይበላኛል።

በረካው ሳይደርስ የስልኬ ባትሪ አለቀ። እቴቴ ሻማ ለኮሰችና ልብስ ከምትለካበት ካርቶን ቁራጭ አንስታ መቀሷን ፈለገች። ሳትነድፍ ነው የቆረጠችው። ፈረሱ አሁን ከስፌት መኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ካርቶኑ አልበቃ ብሏት ጅራቱ ትንሽ አጥሯል፣ እግሮቹን ግን በክር አያይዛቸዋለች፣ ይንቀሳቀሳሉ።